ራም ከቀየርኩ በኋላ ኮምፒውተሩ አልነሳ አለኝ፤ ማዘርቦርድ ልግዛ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ነው። ቤታችን ያለው ኮምፒውተር ኤችፒ ኮምፓክ ኢሊት 8300 ነው፤ አነስተኛው ኬዝ። ያገለገለ ነው የገዛነው። ራሙ 4 ጂቢ ስለነበር በጣም ይንቀራፈፍ ነበር። ኮምቦልቻ ወርጄ 8 ጂቢ ራምና 240 ጂቢ ኤስኤስዲ ገዛሁና ራሴ ገጠምኩት። ከዚያ ወዲህ አልነሳ አለ። ፋኑ ይዞራል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። ፊት ለፊት ያለው መብራት ቀይ ሆኖ አምስት ጊዜ ብልጭ ይልና ያርፋል፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ ይጮህም ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ድምፁ ይጠፋል። የድሮውን ራም ብመልስም ያው ነው። አንድ የጎረቤት ልጅ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ አለኝ። እህቴ የምታጠናበት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። ማዘርቦርድ እንዳትገዛ። ገንዘብህ ኪስህ ይቆይ። ከጻፍክልኝ ምልክት ተነስቼ ስፈርድ ቦርዱ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበት ማዘርቦርድ፣ የተቃጠለ አይመስለኝም።

«አምስት ጊዜ ብልጭ ይላል» ብለህ በመጻፍህ ሥራውን ግማሽ አቅልለህልኛል። ብዙ ሰው «አይሠራም» ብሎ ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። አንተ ቆጥረሃል። ኮምፒውተር ሲበራ ስክሪን ላይ አንዲት ነገር ከማሳየቱ በፊት ራሱን ይፈትሻል። በዚህ ሰዓት እንከን ካገኘ በስክሪን ሊነግርህ አይችልም። ስለዚህ በመብራትና በድምፅ ይነግርሃል። በአንተ ዓይነት የኤችፒ ኮምፓክ ዴስክቶፖች ላይ በየሰከንዱ አንድ ብልጭታ፣ አምስት ሲሞላ የሁለት ሰከንድ እረፍት፣ ከዚያ እንደገና አምስት ከሆነ ትርጉሙ አንድ ነው፦ ራሙን (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ማንበብ አልቻልኩም ማለት ነው። ድምፁ መጥፋቱም አያስደንግጥህ። አምስት ዙር ከጮኸ በኋላ ድምፁ ራሱ ያቆማል። መብራቱ ግን ችግሩ እስኪፈታ ይቀጥላል። አሠራሩ እንዲህ ነው እንጂ ብሶበት አይደለም።

ቁጥሩ ለምን ዋጋ እንዳለው ልጨምርልህ። ሁለት ብልጭታ ቢሆን ኖሮ ሲፒዩው (የኮምፒውተሩ አንጎል) ከመጠን በላይ ሞቋል ማለት ነበር። ሦስት ሲፒዩው አልተገጠመም፣ አራት የፓወር ችግር፣ ስድስት የቪዲዮ ካርድ ነው። ቦርዱ ራሱን ተበላሽቻለሁ ብሎ የሚናገረው በሰባት ነው። አንተ የቆጠርከው አምስት ነው። ደግሞም አምስት ቆጥሮ፣ አርፎ፣ እንደገና የሚቆጥር ቦርድ ሥራ ላይ ነው። ሲፒዩው ትእዛዝ እየፈጸመ፣ ባዮሱም (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) እየተነበበ ካልሆነ ያ የአምስት ቆጠራ አይመጣም። የተቃጠለ ቦርድ ብዙውን ጊዜ ዝም ነው የሚለው። የጎረቤትህ ልጅ ለበጎ እንደተናገረ አልጠራጠርም። ግን «ተቃጠለ» የሚባለው ሽታ ሲኖር፣ የጠቆረ ቦታ ሲታይ፣ ወይም እንደ ትንሽ ጣሳ የቆሙት ካፓሲተሮች አናታቸው ሲያብጥ ነው። አንዱንም አልጠቀስክልኝም።

እንግዲህ አዲሱ ራም አልስማማ ቢል ይገባኛል። የድሮውስ ለምን እንቢ አለ? አንተንም ተስፋ ያስቆረጠህ ይሄ ነው። ሦስት ነገር እጠረጥራለሁ። ወይ ራሙ ተመልሶ ሲገባ በደንብ አልተቀመጠም፣ ወይ ስሎቱ (ራሙ የሚሰካበት ቦታ) ወይም የራሙ ጥርስ ቆሽሿል፣ ወይ ደግሞ ስትነቅልና ስትሰካ ኤሌክትሪክ ነክቶታል። የመጀመሪያው እጅግ የተለመደው ነው። ሦስተኛው ደግሞ እንዳይደገም ከሱ ልጀምር።

ራሙን ስትቀይር የፓወር ገመዱን ነቅለህ ነበር? አልጻፍክልኝም። ብዙ ሰው ኮምፒውተሩን ያጠፋና ይበቃል ብሎ ክዳኑን ይከፍታል። ገመዱ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ግን ኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። 5 ቮልት የምትሆን መጠባበቂያ ኃይል ሁልጊዜ ወደ ማዘርቦርዱ ትገባለች። ራሙ ስሎት ላይም ትደርሳለች። በዚህ መሐል ራም መንቀል ወይም መሰካት ራሙንም ቦርዱንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ገመዱን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ንቀለው። ከዚያ ማብሪያውን አሥር ሰከንድ ያህል ተጭነህ ያዝ፤ ውስጥ የቀረችው ኃይል ትወጣለች። አደራህን፣ «መብራት ስለጠፋ ምንም አይለኝም» ብለህ ገመዱን ሳትነቅል እንዳትከፍት። ደሴ ላይ መብራት ሲሄድ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። እጅህ ውስጥ እያለ ሊመጣ ይችላል።

ሌላው ከሰውነታችን የሚወጣው ኤሌክትሪክ ነው። የደሴ ብርድ ቤት ውስጥም ሹራብ አያስወልቅም። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ሹራብህን ማታ ስታወልቅ ጠሽ ጠሽ የሚል ድምፅ ሰምተህ ታውቃለህ። ያ ኤሌክትሪክ ነው። ለአንተ ምንም አይደለም፤ ለራም ቺፕ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ስትሠራ ሹራቡን አውልቅ። አልጋና ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ባዶ ጠረጴዛ ላይ ሥራ። ራሙን ከመንካትህ በፊት የኬዙን ቀለም ያልተቀባ ብረት ንካ፤ መሐል መሐል ላይም ድገመው። ራሙን ደግሞ በጠርዙ ብቻ ያዘው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ሕግ አለኝ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። አንተ ራምና ኤስኤስዲ በአንድ ላይ ስለገጠምክ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ስለዚህ ወደ ትንሹ እንመልሰው። አዲሱን ዲስክ፣ ኤስኤስዲውን፣ ንቀል። ሃርድ ዲስኩንም የሲዲ ማጫወቻውንም ከዳታ ገመዳቸው ለያቸው። ፍላሽ፣ ፕሪንተር፣ ዩኤስቢ ላይ የተሰካ ነገር ሁሉ ይውጣ። ሞኒተርና ኪቦርድ ብቻ ይቅሩ። ከዚያ ራሞቹን በሙሉ አውጣቸው። አዎ፣ አንድም ራም አይኑር።

እንዲህ እንዳለ ገመዱን ሰክተህ አብራው። ያለ ራም ማብራት ኮምፒውተሩን አይጎዳውም። አምስት ጊዜ ከጮኸና አምስት ጊዜ ብልጭ ካለ ደስ ይበልህ። ቦርዱ ራም እንደሌለ አውቋል፤ ፈተሻውን በትክክል እየሠራ ነው። ካዳመጥክ በኋላ አጥፋው፤ ገመዱን ንቀል፤ ማብሪያውን ያዝ። ይህን ከአሁን በኋላ በየመሐሉ አልደግምልህም። ራም በነካህ ቁጥር ገመዱ መነቀል አለበት።

ቀጥሎ የድሮውን ራም ብቻ ይዘን እንሞክራለን። ከመግጠምህ በፊት ግን ጥርሱን እየው። ከታች ያለው የወርቅ መልክ ያለው መስመር ደብዝዞ ወይም ጠቁሮ ከታየህ ይጽዳ። ቴክኒሻኖቻችን ላጲስ ይጠቀማሉ። ይሠራል፤ ነገር ግን ለስላሳ ነጭ ላጲስ ይሁን፣ ቀስ ብሎ ይሁን፣ ፍርፋሪውም አንድ ሳይቀር ይራገፍ። የብዕር ማጥፊያ የሚባለው ሻካራው ላጲስ ወርቁን ይፍቀዋል። እኔ የምመርጠው ከፋርማሲ የሚገዛውን አልኮል ነው። ንጹሕ ጨርቅ ላይ ትንሽ ጠብ አድርገህ ጥርሱን ጥረግ፤ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቅ። ሽቶ፣ ቤንዚን፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አትጠጋ።

ስሎቱም ይጸዳል። የወሎ ቤት ያለ ቡናና ያለ እጣን አይሆንም፤ ኮምፒውተሩም ብዙ ጊዜ ያው ሳሎን ነው የሚቀመጠው። የከሰሉና የእጣኑ ጭስ ከአቧራው ጋር ተደባልቆ በፋኑ ይሳብና ውስጥ ገብቶ ይጣበቃል። ያገለገለ ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ የቀድሞ ባለቤቱ አቧራም አለበት። አዲስና ደረቅ የጥርስ ብሩሽ ወይም ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይዘህ ስሎቱን በርዝመቱ ጥረገው። በአፍህ እፍ አትበልበት። ምራቅ ይረጫል፤ እርጥበቱ ከአቧራው ይብሳል።

አሁን አገባቡን። የአንተ ኬዝ አነስተኛው ስለሆነ የራሙ ስሎቶች ከድራይቮቹ ቤት ሥር ናቸው። ያን ቤት ወደ ላይ አንሳው። ካልተነሳ ራሙን በደንብ መጫኛ ቦታ አይኖርህም፤ በጎን በኩል እጅህን አሹልከህ ከገጠምከው ደግሞ ችግሩ እዚያው ሊሆን ይችላል። በስሎቱ ሁለት ጫፍ ያሉትን መያዣዎች ወደ ውጭ ክፈት። የራሙን ቁርጥ ከስሎቱ ጉብታ ጋር አገናኝ። ካልገጠመ ዞር አድርገህ ሞክር፤ በግድ አትጫን። ከዚያ በሁለቱም አውራ ጣትህ፣ አንዱ በዚህ ጫፍ አንዱ በዚያ ጫፍ፣ ቀጥ አድርገህ ተጫን። ጠንከር ይላል፤ አትፍራ። መያዣዎቹ ራሳቸው ቀጭ ብለው ይዘጋሉ። አንተ በጣትህ ልትዘጋቸው ካስፈለገህ ራሙ አልገባም።

ቀጭ ቢልም አትመነው። ዝቅ ብለህ የስልክህን መብራት አብርተህ ከጎን ተመልከት። ጥርሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ተውጦ መታየት አለበት። በአንድ በኩል የወርቁ መስመር ሽራፊ ብቅ ካለ ያ ጫፍ አልገባም ማለት ነው። የአንድ ሚሊሜትር ግማሽ መንሻፈፍ ለአምስት ብልጭታ ይበቃል።

የትኛው ስሎት ይቅደም? በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ካለ ቅደም ተከተሉን ያሳይሃል። ከሌለ አታስብ። ስሎቶቹ አራት ናቸው፤ ያንኑ አንድ ራም በየተራ በአራቱም ሞክር። በየሙከራው አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቅ። ራም ሲቀየር የመጀመሪያው ማብራት ከወትሮው ሊዘገይ ይችላል። በወረቀት ላይ «ስሎት 1፣ አምስት ብልጭታ»፣ «ስሎት 2፣ ተነሳ» እያልክ ጻፍ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ የቱን እንደሞከርክ ይምታታብሃል።

በአንዱ ተነስቶ በሌላው እንቢ ካለ እንቢ ያለውን ስሎት መልሰህ ጥረግ። በአራቱም እንቢ ካለ ደግሞ ከጓደኛ ራም ተዋስ። ያንተው ዓይነት ዲዲአር3 (የራም ትውልድ መጠሪያ ነው) የዴስክቶፕ ራም ይሁን፤ ሲሠራ ያየኸው ይሁን። ደሴ ላይ እንደዚህ ያለ ያገለገለ ዴስክቶፕ በየቢሮውና በየጽሕፈት ቤቱ፣ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ሞልቷል፤ ለግማሽ ሰዓት የሚያውስህ አታጣም። በተዋስከው ከተነሳ የሞተው የድሮው ራምህ ነው። ቦርዱ ደህና ነው።

አሁን ወደ አዲሱ ራም። እዚህ ላይ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ነው። በቅርጽ ካንተ ኮምፒውተር ጋር የሚገጥመው ዲዲአር3 ብቻ ነው። ዲዲአር2 እና ዲዲአር4 ቁርጣቸው የተለያየ ቦታ ስለሆነ አይገቡም። የላፕቶፕ ራምም አጭር ነው። ስለዚህ ገባልህ ማለት ዲዲአር3 ነው። ግን ዲዲአር3 ሁሉ አንድ አይደለም። ለሰርቨር፣ ማለትም ለድርጅቶች ትልቅ ኮምፒውተር፣ የሚሠራ ዲዲአር3 አለ። ርዝመቱ ያው፣ ጥርሱ ያው፣ ቁርጡም ያው ነው። ስሎቱ ውስጥ ቀጭ ብሎ ይገባል። ኮምፒውተሩ ግን አያነበውም፤ የቤት ኮምፒውተር ሲፒዩ እሱን እንዲያነብ አልተሠራም። ሰርቨሮች ሲፈቱ ይህ ራም ወደ ገበያ ይገባል። ሻጩ ሁልጊዜ አውቆ ነው የሚያታልልህ አልልም፤ እሱም «8 ጂቢ ዲዲአር3» ተብሎ ነው የገዛው።

እንዴት ትለየዋለህ? የተለጠፈበትን ጽሑፍ አንብብ። ፒሲ3 ወይም ፒሲ3ኤል ብሎ ይጀምርና 10600 ወይም 12800 የሚል ቁጥር ይከተላል። ከቁጥሩ በኋላ ያለችውን የእንግሊዝኛ ፊደል ፈልግ። «ዩ» ከሆነች የቤት ኮምፒውተር ራም ነው፣ ያንተ ነው። «አር» ከሆነች የሰርቨር ነው፣ ካንተ ኮምፒውተር ጋር በምንም መንገድ አይሠራም። ጽሑፉ ተልጦ ከሆነ ወይም አልታመን ካለህ ቺፖቹን ቁጠር። በአንድ ጎን የተደረደሩት ጥቁር ቺፖች ስምንት ከሆኑ የተለመደው ነው። ዘጠኝ ከሆኑ፣ መሐል ላይ ደግሞ መጠኗ የተለየች ሌላ ቺፕ ካለች፣ የሰርቨር ራም ይዘሃል። እንግዲያው ጥፋቱ ያንተ አገጣጠም አይደለም፤ መመለስ ብቻ ነው መፍትሔው።

ፊደሏ «ዩ» ሆና ከተገኘች ብቻውን፣ ያለ ድሮው፣ የድሮው በሠራበት ስሎት አስገባው። ከተነሳ ያን ጊዜ ሁለቱን በአንድ ላይ ሞክር። ለየብቻ ሠርተው አብረው እንቢ ካሉ ካገለገሉ የተለያዩ ራሞች ጋር አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው፤ 8 ጂቢውን ብቻ ይዘህ ቀጥል። 4 ጂቢውን ብትተወው ብዙ አይጎድልብህም። አዲሱ ብቻውን በሠራ ስሎት ላይ እንቢ ካለ ግን የራሙ ችግር ነው። ሐረጎን ወርደህ ኮምቦልቻ ስትመለስ ራሙን ብቻ አትያዝ። የድሮውን ራምም ይዘህ ሂድ፤ እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ባለ ዴስክቶፕ ገጥመው ያሳዩህ። ሲሠራ ሳታይ አትቀበል። ለወደፊቱም ራም ስትገዛ ናሙና ይዞ መሄድ ከሁሉ ይበልጣል።

ምናልባት ይህን ሁሉ ስታነብ «ባትሪዋን ነቅለህ መልሳት» ብሎ የነገረህ ይኖራል። በእኛ ዘንድ ኮምፒውተር እንቢ ባለ ቁጥር መጀመሪያ የምትነቀለው ያቺ ሲአር2032 የምትባል ክብ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት። እኔ ወደ መጨረሻ ነው የማመጣት። ባዮሱን ወደ ፋብሪካው ልክ ትመልሰዋለች፤ አንዳንዴም ይረዳል። ነገር ግን አብሮ የሚጠፋ ነገር አለ። ቀኑና ሰዓቱ ይጠፋል። ቀኑ ሲሳሳት ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ድረ ገጾች «ደህንነቱ አልተረጋገጠም» እያሉ አይከፈቱልህም፤ ሰው ኔትወርኩን ሲረግም ይውላል። ከዚህ የባሰው ሃርድ ዲስኩ የሚነበብበት መንገድ ሊቀየር መቻሉ ነው። ዊንዶውስ በአንዱ መንገድ ተጭኖ ባዮሱ ወደ ሌላው ከዞረ፣ ዊንዶውስ መነሳት ይጀምርና ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ይመለሳል። እንደዚያ ካጋጠመህ በኤፍ10 ወደ ባዮስ ገብተህ፣ «ስቶሬጅ» ውስጥ «ሳታ ኢሙሌሽን» የሚለውን ወደ ሌላኛው ምርጫ ቀይረህ ሞክር። ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን አያስፈልግም። ሁሉም ራም በሁሉም ስሎት እንቢ ካለ ብቻ፣ ገመዱን ነቅለህ ባትሪዋን ለተወሰኑ ደቂቃዎች አውጥተህ መልሳት።

ስክሪኑ ሲበራ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ሊያወጣ ይችላል። አትደንግጥ። 164 የሚል ቁጥር ካለበት የራሙ መጠን ተቀይሯል እያለህ ነው፤ እውነቱን ነው። 163 ካለ ቀንና ሰዓት አልተሞላም ማለት ነው። ኤፍ1 ተጫንና ቀጥል። ዊንዶውስ ገብተህ ኮምፒውተሩ ስንት ጂቢ እንዳነበበ ተመልከት። 8 ጂቢ አስገብተህ ከ4 በታች ብቻ ልጠቀም ካለህ ራሙን አትጠርጥር። የተጫነው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ነው ማለት ነው፤ እሱ ከ4 ጂቢ በላይ አይጠቀምም። ባለ 64 ቢቱን መጫን ይኖርብሃል። ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል።

ኤስኤስዲው በዚህ ሁሉ ውስጥ ጥፋት ያለው አይመስለኝም። ባዶ ኤስኤስዲ ስክሪን አያጠፋም። ስክሪኑ በርቶ «የሚነሳበት ዲስክ አላገኘሁም» የሚል መልእክት ነው የሚያመጣው። ስለዚህ ራሙ ነገር ካለቀ በኋላ፣ መጀመሪያ የድሮውን ሃርድ ዲስክ ብቻ መልሰህ ዊንዶውስ መነሳቱን አረጋግጥ። አንድ ቀን ተጠቀምበት። ከዚያ ነው ኤስኤስዲው የሚገባው።

ሌላ ዓይነት ኮምፒውተር ያላችሁ አንባቢዎች፣ የብልጭታው ትርጉም በየኩባንያው እንደሚለያይ አትርሱ። ለምሳሌ ብዙዎቹ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ዴስክቶፖች ራም ሲያጡ ሁለት ጊዜ ነው የሚጮሁት፤ አምስት ከጮኹ ያቺው ትንሿ ባትሪ ደክማለች። ፋኑም መብራቱም ጨርሶ ዝም ካለ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ከሶኬቱ፣ ከማከፋፈያው፣ ከስታቢላይዘሩና ከፓወር ሰፕላዩ ጀምሩ። ቪዲዮ ካርድ ጨምራችሁ ስክሪን የጠፋባችሁ ካላችሁ የሞኒተሩን ገመድ ከቦርዱ ነቅላችሁ ካርዱ ላይ ሰኩት። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ወንድሜ፣ ወደ አንተ ልመለስ። የተዋስከው ጤነኛ ራምም በአራቱ ስሎት፣ ከጽዳት በኋላ፣ ባትሪዋም ወጥታ ተመልሳ፣ ያንኑ አምስት ከቆጠረ ያን ጊዜ ቦርዱን እጠረጥራለሁ። የራሙ ስሎት ወይም መስመሩ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ያኔም ቢሆን ማንኛውንም ማዘርቦርድ እንዳትገዛ። የዚህ ኬዝ ቦርድ ቅርጹም፣ የፓወር ሰፕላዩ ሶኬትም ከተለመደው የተለየ ስለሆነ ሌላ ቦርድ አይገጥምለትም። የዚሁ ሞዴል መሆን አለበት። ቦርድ ብቻውን ከመፈለግ ይልቅ ሌላው ነገር የተበላሸበትን ያንኑ ሞዴል ሙሉ ኮምፒውተር መፈለግ ይሻላል ባይ ነኝ። ሲፒዩህ፣ ራምህ፣ ኤስኤስዲህ ሁሉ ወደዚያ ይዛወራሉ።

የእህትህ ነገር ግን እስከዚያ አይጠብቅም፤ መጠበቅም የለበትም። ሰነዶቿ ያሉት ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ነው እንጂ ራሙ ውስጥ አይደለም። ራም ቢሞት፣ ቦርድም ቢሞት ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ባለበት ነው። ዲስኩን በጥንቃቄ ፈተህ አውጣና በጨርቅ ጠቅልለህ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ያለው ዘመድ ወይም ጓደኛ ጋ ውሰደው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ፣ ገመዱ ተነቅሎ፣ እንደ ሁለተኛ ዲስክ ይሰካ። ሲበራ በራሱ ዊንዶውስ ይነሳል፤ ያንተ ዲስክ ፊደል ተሰጥቶት ይታያል። የአንተው ዲስክ ልነሳ ካለ በማስነሻው ቅደም ተከተል የእነሱን አስቀድሙ። ከሳታ (ከዲስኩ መሰኪያ) ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ የምታገኝ ከሆነ ደግሞ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል፤ ግን የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ ትልቅ ስለሆነ የራሱ አዳፕተር ያለው ገመድ ይሁን። «ይህ ዲስክ ፎርማት ይደረግ?» የሚል ጥያቄ ከመጣ «አይ» በል። የምታጠናበትን ሁሉ ፍላሽ ላይ ገልብጥላትና ስልኳ ላይም አስቀምጪ በላት። ኮምፒውተሩን ከዚያ በኋላ በእርጋታ ትሠራዋለህ።

እንደገና ስትጽፍልኝ ሦስት ነገር ጻፍልኝ፦ አዲሱ ራም ላይ ከቁጥሩ በኋላ ያለችውን ፊደል፣ በየስሎቱ የቆጠርከውን ብልጭታ፣ ራሙን መጀመሪያ ስትቀይር ገመዱ ተነቅሎ እንደነበርና እንዳልነበር።